የፍሬኑ ቀለም

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ከጣርማ በር አፋፍ፣
ሚኒባሷን በክሪክ አነሳኋት፣ ድንጋይ ሸጎጥኩ ከኋላ ጎማ ጫፍ።
ስድስት ብሎን ፈታሁ። ጎማው ሲወርድ
ካሊፐሩ ታየ፤ እንደ ጉልቻ የጠቆረ፣
የሰባት ዓመት ቁልቁለት ላዩ ላይ ደርቆ የቀረ።

በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ ዝገቱ እንደ በርበሬ ጉልበቴ ላይ ዘነበ፣
ከጥፍሬ ሥር ገባ፣ ቅንድቤ ላይ ተሰበሰበ።
በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፣
የላስቲክ ልባሱን፣ የዘይቱን ቱቦ በፌስታል ጠቀለልኩት።
ዲስኩን ባሮጌ ጋዜጣ ሸፈንኩት፤ ቀለም አይቅመሰው፣
"የሚይዝ እጅ ቅባት አይወድም" ይለኝ ነበር ያስተማረኝ ሰው።

ቀለሙ ከሱማሌ ተራ ነው የመጣው፤ የሁለት ቀን ገቢ።
"ስድስት መቶ ዲግሪ እችላለሁ" ይላል ጣሳው፤
እሱ ተናጋሪ፣ እኔ አንባቢ።
ወይንሸት ዋጋውን ሰምታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣
"ለልጁ ጫማ ብዬህ ነበር" አለች፤ በዚያው ተወችኝ።

ጣሳውን ስወዘውዘው ኳሷ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤
"አባዬ፣ ጫጩት ናት?" አለ ምንተስኖት።
"አዎ፣ ቀይ ሆና ትፈለፈላለች።"

ፍስስ።
ስስ አድርጎ አንድ እጅ፤ ከዚያ አስር ደቂቃ መጠበቅ።
ቸኩለው ያወፈሩት ቀለም ይዝረከረካል፣ ይላጣል ሲሞቅ።
ሁለተኛ እጅ።
ሦስተኛ።
ከአሮጌው ብረት ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ወጣ፣
እንደ ሙሽራ ጥፍር፣ የጎማ ጥላ ውስጥ ሊደበቅ የመጣ።

ጋሽ እርገጤ መጡ፣ ከዘራቸውን እንደ መሪ ጨብጠው፣
የትሬንታ ኳትሮው ሾፌር፤
አርባ ዓመት ጣርማ በር ላይ ያረጁ፣ ወርደው ወጥተው።
ጎንበስ አሉ። አዩት። ቆዩ።
"ከጎማ ጀርባ ማን ያየዋል ብለህ ነው?"
"ማንም።"
"እሺ፣ አንተስ በምን ልታየው?
እኛ በሌሊት ስንወርድ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያይ ነበር፤
ብረቱ ከቀላ እሳት ነው፣ 'አቁም!' ይላል፤
እስኪጠቁር ቆመን ብርዱን እንጠጣ ነበር።
አንተ አስቀድመህ አቀላኸው። እንግዲህ እሳቱ ሲመጣ
በምን ቋንቋ ይንገርህ? ምን ለብሶ ይውጣ?"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።
የረዳታቸውን ስም አልጠሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።
ደብረ ሲና ውስጥ ያንን ስም የማያውቅ የለም።

ጎማውን መልሼ አጠበቅኩ። ወደ ቀኙ ዞርኩ፤
ፋቅሁት፣ አጠብኩት፣ ጣሳውን አነሳሁ፣ ወዘወዝኩ፣
አስቀመጥኩ።
የግራው ለአምሮቴ ይሁን፣ የቀኙ ለፍርሃቴ።
ወይንሸት "አንድ ዓይኗን ብቻ ኳልካት" ብላ ሳቀች በቤቴ።

ሰኞ ከደብረ ብርሃን ጭኜ፣ ዋሻውን አልፌ ቁልቁል ገባሁ፤
ጭላዳው ገደል ጫፍ ሣር ይነጫል፣
በሁለተኛ ማርሽ እግሬን እየጣልኩ እያነሳሁ።
ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ አንድ ሽታ መጣ።
"ሾፌር፣ ምን ተቃጠለ?" አለች ዶሮ የታቀፈች ሴት፤ ዶሮዋም ተቆጣች።

ዳር ያዝኩ። ወረድኩ።
መዳፌን ወደ ቀኙ አስጠጋሁ፤ ጥቁር ነው፣ ደህና ነው።
ወደ ግራው፤ ቀይ፣ እንደ ትንፋሽ የሳሳ ጭስ ከላዩ ያለው።
"ምንም አይደል፣ ቀለሙ እየበሰለ ነው" አልኳቸው።
ይህ ቀለም በፀሐይ ቢደርቅም አይጸና፣
የሚያረጋው ያው የሚፈራው እሳት ነውና።

የሮቢት ሰው ፍሬን ከማንጎ ዛፍ ላይ ይለቅማል፣
እኔ ፍሬን የምለምነው ከእግሬ ሥር ነው፤
አንዳንዴ ይሰማል።

አስር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ እንደ አንድ እጅ ቀለም።
ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ መልስ አልሰጠሁም።

ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ጋሽ እርገጤ በቀኝ በኩል ቆመው ነበር፤
ከዘራቸውን አነሱ፣ ሰላምታ መሰለኝ፤
ዓይናቸው ግን ፊቴን አላየም፣
የቀኙ ጎማ ላይ ነበር።